ኤርትራና ኢጋድ፦ የአንድ አባልነት ታሪክ

የኤርትራ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ዲሴምበር 12 ቀን 2025፣ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 3 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ አገሪቱ የምሥራቅ አፍሪካ መንግሥታት የጋራ ድርጅት ከሆነው ከኢጋድ አባልነት መውጣቷን በመግለጫ አስታወቀ። ኢጋድ ሕጋዊ ተልእኮውንና ሥልጣኑን አጥቷል፣ ለአባላቱ የሚታይ ጥቅም አይሰጥም፣ ለአካባቢው መረጋጋትም የረባ ነገር አላበረከተም ይላል መግለጫው። የኢጋድ ጽሕፈት ቤትም ብዙ ሳይቆይ መልስ ሰጠ። በውሳኔው ማዘኑን ገልጾ፣ ኤርትራ በ2023 ከተመለሰች ወዲህ በስብሰባዎቹም በፕሮግራሞቹም አለመሳተፏን፣ ድርጅቱ ግን በትዕግሥት ሲጠብቃት መቆየቱን አስታወሰ። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ቀኑ የኢትዮጵያንና የኤርትራን ጦርነት የቋጨው የአልጀርሱ ስምምነት የተፈረመበት 25ኛ ዓመት ነበር። ታስቦበት ይሁን አጋጣሚ እኔ አላውቅም፤ ይሁንና ሁለቱ ነገሮች በአንድ ቀን መዋላቸው ጉዳዩ የት ላይ እንደተቋጠረ ያሳያል። የኤርትራና የኢጋድ ታሪክ ከጥቂት ዓመታት በቀር የአዲስ አበባና የአስመራ ታሪክ ነው። ኤርትራ ስትኮርፍም፣ ልመለስ ብላ በሩ ሲዘጋባትም፣ ሲከፈትላትም የድርጅቱ መመሥረቻ ስምምነት ያው ነበር። የተለዋወጠው በሁለቱ ከተሞች መካከል የነበረው አየር ነው። ይህን ለማየት ከ2011 እና ከ2023 የተሻሉ ሁለት ዓመታት የሉም። ወደ እነሱ ለመድረስ ግን ከሥሩ መጀመር ይሻላል።

ድርቅ የወለደው ድርጅት

ኢጋድ የተፀነሰው ለሰላምም ለፖለቲካም አልነበረም። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የምሥራቅ አፍሪካን ቀንድ የመታው ድርቅ የወለደው ነው። ጃንዋሪ 1986 ጅቡቲ ላይ ስድስት አገሮች፣ ማለትም ኢትዮጵያ፣ ጅቡቲ፣ ኬንያ፣ ሶማሊያ፣ ሱዳንና ኡጋንዳ፣ ድርቅንና በረሃማነትን በጋራ ለመከላከል «ኢጋድድ» የሚባለውን ድርጅት አቋቋሙ። ጽሕፈት ቤቱም እዚያው ጅቡቲ ሆነ።

የድርቁ ድርጅት ግን ገና በተወለደበት ሳምንት የፖለቲካ ሥራ ሠራ። ከኦጋዴን ጦርነት ወዲህ ፊት ለፊት ተገናኝተው የማያውቁት መንግሥቱ ኃይለማርያምና ዚያድ ባሬ የተገናኙት በዚያ ጉባኤ ላይ ነው። ድርድሩ ሁለት ዓመት ወስዶ በኤፕሪል 1988 ስምምነት ሆነ፤ ሁለቱ መንግሥታት ጦራቸውን ከድንበር ሊያርቁ፣ አንዱ የሌላውን ተቃዋሚ መርዳቱን ሊያቆም ተስማሙ። ስምምነቱ ለማን እንደጠቀመ ብዙ ያከራክራል፤ ደርግ ከምሥራቅ ያነሣውን ጦር ወደ ሰሜን ነው ያዞረው። ያም ሆኖ ባላንጣ የሆኑ ሁለት መሪዎችን ስለ ዝናብና ስለ በረሃ በሚል ሰበብ አንድ አዳራሽ ማስገባት እንደሚቻል ታየ። ኢጋድ ከዚያ ወዲህ የሠራው ምርጡ ሥራ ይኸው ይመስለኛል፤ ይህን ያህል ቀላልና ይህን ያህል ከባድ።

አስታራቂዋ ኤርትራ

ኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ አድርጋ በሜይ 1993 ነፃነቷን ስታውጅ ወደ ድርጅቱ ለመግባት ጊዜ አልወሰደባትም። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የመሪዎች ጉባኤ ሰባተኛ አባል ሆነች። አስተናጋጇ የቅርብ ወዳጇ ነበረች። ኢሕአዴግና ሻዕቢያ ከበረሃ ይዘውት የመጡት ወዳጅነት ገና አልደፈረሰም፤ አዲስ አበባ የአስመራን መግባት ብትደግፍ እንጂ የምትቃወምበት ምክንያት አልነበራትም።

ዛሬ ሲነገር ለማመን የሚከብደው ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው። ኤርትራ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከድርጅቱ ንቁ አባላት አንዷ ነበረች። የሱዳንን የሰሜንና የደቡብ ጦርነት ለመሸምገል የተቋቋመው ኮሚቴ አራት አባላት ነበሩት፦ ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ኢትዮጵያና ኤርትራ። በሜይ 1994 የቀረበው የመርሆዎች መግለጫ፣ ለደቡብ ሱዳን የራስን ዕድል በራስ መወሰንን በግልጽ ያነሣው ሰነድ፣ የእነዚህ አራቱ ሥራ ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ለተፈረመው አጠቃላይ የሰላም ስምምነት መሠረቱ እዚያ ተጣለ። ነፃነቷን ካወጀች ዓመት ያልሞላት አገር የሌላ አገር ጦርነት አስታራቂ ሆና ተቀምጣ ነበር ማለት ነው።

አስታራቂነቱ ብዙ አልቆየም። ኤርትራ በዲሴምበር 1994 ከካርቱም ጋር ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነቷን አቋረጠች፤ ቆይታም አስመራ የሚገኘውን የሱዳን ኤምባሲ ሕንፃ ለሱዳን ተቃዋሚዎች ሰጠች። ሸምጋይ ሆኖ የአንዱን ወገን ተቃዋሚ በኤምባሲው ማስቀመጥ ለየት ያለ የሽምግልና ስልት ነው። የኤርትራ ዲፕሎማሲ ጠባይ ያን ጊዜውኑ ታይቷል፤ ድርጅቱ ውስጥ እያለች የምትፈልገውን ከድርጅቱ ውጭ ባለ መንገድ ትፈጽማለች።

የድርጅቱ መታደስም የዚያ ዘመን ሥራ ነው። በ1995 አዲስ አበባ ላይ የተሰበሰቡት መሪዎች ድርጅቱ ከድርቅ አልፎ ግጭትን፣ ንግድንና መሠረተ ልማትን እንዲይዝ ወሰኑ፤ በማርች 1996 ናይሮቢ ላይ መመሥረቻ ስምምነቱ ተሻሻለ፤ በኖቬምበር «ኢጋድ» በሚለው ስሙ ጅቡቲ ላይ ሥራ ጀመረ። የታደሰው ድርጅት የመጀመሪያ ዋና ጸሐፊ ኤርትራዊው ተኸስተ ገብራይ ነበሩ። ሁለት የተሻሻለው ስምምነት ነጥቦች ለዚህ ጽሑፍ ያስፈልጋሉ። አንደኛው፣ አዲስ አባል የሚገባው በመሪዎቹ ጉባኤ ሙሉ ድምፅ ነው። ሁለተኛው፣ የመሪዎቹ ጉባኤ የሚወስነው በመግባባት ነው፤ አንድ አገር «አልስማማም» ካለ ነገሩ ይቆማል።

ባድመ

ሜይ 1998 ላይ የባድመ ጦርነት ፈነዳ። የኢጋድ ዋና ጸሐፊ ኤርትራዊ፣ የድርጅቱ ትልቋ አገር ኢትዮጵያ፣ ተዋጊዎቹ ደግሞ ሁለቱም አባላት ነበሩ። በሁለት ዓመት ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። ሽምግልናው ግን በአሜሪካና በሩዋንዳ ተጀምሮ በአፍሪካ አንድነት ድርጅት በኩል አልጄሪያ እጅ ገባ። ግጭት መከላከልን በስምምነቱ ከጻፈ ከሁለት ዓመት ብዙም ሳያልፍ፣ ኢጋድ በራሱ ቤት ውስጥ ለተነሣው ትልቁ ጦርነት ተመልካች ሆነ። ጽሕፈት ቤቱን የምታስተናግደው ጅቡቲም ለኢትዮጵያ አድልታለች በሚል ከአስመራ ጋር ተጋጭታ በኖቬምበር 1998 ግንኙነቷን አቋረጠች፤ የታደሰው በ2000 ነው።

የአልጀርሱ ስምምነት በዲሴምበር 2000 ተፈረመ። የድንበር ኮሚሽኑ ኤፕሪል 13 ቀን 2002 ውሳኔውን አሳወቀ፤ ባድመም ለኤርትራ ሆነች። ኢትዮጵያ ውሳኔውን በመርህ ደረጃ ብትቀበልም ከመተግበሩ በፊት ንግግር ይደረግ አለች። አስመራ ደግሞ የመጨረሻና አሳሪ የተባለ ፍርድ ለድርድር አይቀርብም አለች። በሕጉ ረገድ አስመራ ያላት ክርክር ጠንካራ ነበር፤ ይህን ኢትዮጵያዊ ሆኖ መጻፍ አያስደስትም፣ ግን እውነቱ ይኸው ነው። ችግሩ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ፍርድ በእጇ ይዛ አስፈጻሚ ያጣችው አስመራ፣ ዝም ያሏትን ድርጅቶች ሁሉ የአዲስ አበባ መሣሪያ አድርጋ ማየት ጀመረች። በኖቬምበር 2003 በአፍሪካ ኅብረት የነበራትን አምባሳደር ጠራች፤ የኢጋድ ተራ ቀጠለ።

ሞቃዲሾና ሚያዝያ

ኢትዮጵያ በ2006 ማብቂያ የእስላማዊ ፍርድ ቤቶች ኅብረትን ከሞቃዲሾ ለማስወጣት ጦሯን ወደ ሶማሊያ አስገባች። ከሳምንታት በፊት የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ ቁጥር 1725 ኢጋድና የአፍሪካ ኅብረት ወደ ሶማሊያ ጦር እንዲልኩ ፈቅዶ ነበር፤ ጎረቤት አገሮች ግን በጦሩ እንዳይሳተፉ ተብሎ ነበር። የኢትዮጵያ ጦር የገባው ከዚህ ውጭ፣ የሽግግር መንግሥቱ ጋበዘኝ በሚል ነው።

በኤፕሪል 2007 የኢጋድ ሚኒስትሮች ናይሮቢ ላይ ተሰብስበው ከሽግግር መንግሥቱና እሱን ከምትደግፈው ኢትዮጵያ ጎን ቆሙ። ኤርትራ አልተስማማችም። ወሩ ሳያልቅ፣ የአካባቢውን ሰላም የሚጎዱ ውሳኔዎች በኢጋድ ስም እየተላለፉ ነው ብላ አባልነቷን ማገዷን አሳወቀች። ያገዳት ድርጅቱ አልነበረም፤ ራሷ ናት። በዚያው ዓመት መስከረም የሶማሊያ ተቃዋሚዎች አስመራ ላይ ተሰብስበው አዲስ ጥምረት መሠረቱ። መልእክቱ ግልጽ ነው፤ ናይሮቢ ላይ የተሸነፈው ክርክር አስመራ ላይ በሌላ መልክ ይቀጥላል።

የተቆጣ ሰው ከስብሰባ መውጣቱ ያለ ነው። ኤርትራም ትልቅ ቅሬታ ነበራት፤ አንድ አባል አገር ወደ ሌላው ጦር አስገብቶ ድርጅቱ ሲደግፈው መቃወም ያስኬዳል። ያላስኬዳት ምላሹ ነው። ውሳኔ በመግባባት በሚተላለፍበት ጉባኤ ውስጥ ትንሿ አገር ካላት መሣሪያ ሁሉ የሚበልጠው መቀመጫዋ ነው፤ ኤርትራ የጣለችው እሱን ነው።

በሌለችበት

የሆነውም ይህ ነው። ጁን 2008 ራስ ዱሜራ ላይ የኤርትራና የጅቡቲ ጦር ተታኮሰ፤ ኢጋድ ስለዚህ ሲነጋገር ጅቡቲ አስተናጋጅ ሆና ተቀምጣለች፣ ኤርትራ የለችም። በዚያው ወር የድርጅቱ ሊቀመንበርነት ወደ ኢትዮጵያ ዞረ፤ በእጇም እስከ ኖቬምበር 2019 ድረስ ቆየ። አንድ አገር ለአሥራ አንድ ዓመት መንበሩን ይዞ ሲቀመጥ ሌሎቹ አባላት አለማጉረምረማቸው ስለ ድርጅቱ የሚናገረው አለ። ለኤርትራ ግን ይህ ማለት ለዓመታት «መመለስ እፈልጋለሁ» የምትለው ለባላንጣዋ ነው ማለት ነበር።

ሜይ 2009 ላይ የኢጋድ ሚኒስትሮች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው፣ ኤርትራ የሶማሊያን ታጣቂዎች ትረዳለች በሚል የጸጥታው ምክር ቤት ማዕቀብ እንዲጥልባት ጠየቁ። የአፍሪካ ኅብረት የሰላምና ጸጥታ ምክር ቤት በቀናት ውስጥ ተከተላቸው። የኅብረቱ መሪዎች በሐምሌ ሲርት ላይ ጥያቄውን አጸኑት። ከዚያ በኒው ዮርክ የምክር ቤቱ ተለዋጭ አባል የነበረችው ኡጋንዳ፣ እሷም የኢጋድ አባል ናት፣ ረቂቁን አቀረበች። ዲሴምበር 23 ቀን 2009 ውሳኔ ቁጥር 1907 በ13 ድምፅ አለፈ፤ ሊቢያ ተቃወመች፣ ቻይና ድምፀ ተአቅቦ አደረገች። የጦር መሣሪያ ማዕቀብ፣ የጉዞ እገዳ፣ የገንዘብ እገዳ ተከተለ።

በአካባቢ ድርጅት ውስጥ ያለ አንድ ወንበር ዋጋው ስንት ነው ለሚል ሰው ይህ መንገድ ራሱ መልስ ነው። አዲስ አበባ፣ ሲርት፣ ኒው ዮርክ፦ እያንዳንዱ ደረጃ ከበታቹ ያለውን ይጠቅሳል። ምክር ቤቱ በአፍሪካዊ አገር ላይ ማዕቀብ ሲጥል «አፍሪካውያን ራሳቸው ጠይቀዋል» ማለት መቻሉ ትልቅ ነገር ነው፤ ይህ ደግሞ የጀመረው ኤርትራ ካልተገኘችበት የሚኒስትሮች ስብሰባ ነው። ብትገኝ ውሳኔውን ታስቀረው ነበር አልልም፤ ሆኖም ተቃውሞዋ በቃለ ጉባኤው ይሰፍር ነበር፣ «የአካባቢው አገሮች በሙሉ» የሚለው ቃልም ከኢጋድ አዳራሽ እንደዚያ በቀላሉ አይወጣም ነበር። በሌለችበት ተፈረደባት፤ ያልተገኘችው ደግሞ በገዛ ውሳኔዋ ነው።

ሁለት ድርጅት፣ አንድ ዓመት

2011 የዚህ ጉዳይ እምብርት ነው። ማዕቀቡ የቆነጠጣት አስመራ በዚያ ዓመት ሁለት በሮችን አንኳኳች።

የመጀመሪያው የአፍሪካ ኅብረት ነው። በ2003 የጠራችው አምባሳደሯን እንጂ ያገደችው አባልነቷን አልነበረም። ስለዚህ በጃንዋሪ 2011 ግርማ አስመሮምን አምባሳደር አድርጋ አዲስ አበባ ላከች፤ ሹመታቸውን አቀረቡ፣ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። የማንም ፈቃድ አላስፈለገም። አስተናጋጇ ኢትዮጵያም ልትከለክል የምትችልበት መንገድ አልነበራትም።

ሁለተኛው ኢጋድ ነው። በጁላይ 2011 መጨረሻ የኤርትራ መንግሥት አባልነቱን ዳግም ሥራ ላይ እንደሚያውል ለዋና ጸሐፊው መሐቡብ ማአሊም በደብዳቤ አሳወቀ። የአስመራ አመለካከት ቀላል ነበር፤ ያገድሁት እኔ ነኝ፣ እገዳውን የማነሣውም እኔ ነኝ። በድርጅቱ በኩል ደግሞ ነገሩ የመሪዎች ጉባኤ የሚመለከተው ነው የሚል አቋም ተያዘ። ጉባኤው የሚወስነው ደግሞ በመግባባት ነው። ሊቀመንበሯ ኢትዮጵያ ናት። አስተናጋጇ ጅቡቲ ናት፣ ከራስ ዱሜራ ግጭት በኋላ የገቡበት የጠፋ ወታደሮች አሏት።

የደብዳቤው ጊዜም ከዚህ የከፋ ሊሆን አይችልም ነበር። በዚያው ጁላይ መጀመሪያ የኢጋድ መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው በኤርትራ ላይ ተጨማሪ ማዕቀብ ጠይቀዋል። በዚያው ወር የተባበሩት መንግሥታት ተቆጣጣሪ ቡድን፣ በጃንዋሪው የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ወቅት አዲስ አበባ ላይ ሊፈጸም የነበረ የቦምብ ሤራ ጀርባ ኤርትራ አለች የሚል ሪፖርት አወጣ። አዲስ አበባም በዚያ ዓመት በአስመራ ላይ የያዘችውን ፖሊሲ ቀይራ፣ ከመጠበቅ ወደ መግፋት መሸጋገሯን በይፋ ስትናገር ነበር። ኢሳይያስ አፈወርቂ በኦገስት ካምፓላ ድረስ ሄደው ከሙሴቬኒ ጋር ተነጋገሩ፤ ወንበሩ ግን አልተገኘም። በኖቬምበር የኢጋድ መሪዎች አዲስ አበባ ሲሰበሰቡ አዲስ አባል ተቀበሉ፤ የተቀበሉት ደቡብ ሱዳንን ነው። ለነፃነቷ መንገድ የጠረገውን የ1994ቱን ሰነድ ኤርትራ ጭምር እንዳዘጋጀችው ያን ቀን ያስታወሰ ሰው ቢኖር ጥቂት ነው። ዲሴምበር 5 ቀን ውሳኔ ቁጥር 2023 ማዕቀቡን አጠነከረው።

አምባሳደር መጥራትና አባልነትን ማገድ ከርቀት ሲታዩ አንድ ዓይነት የቁጣ ምልክት ናቸው። በተግባር ግን የመጀመሪያው ቁልፉን ኪስ ውስጥ ይዞ መውጣት ነው፤ ሁለተኛው ቁልፉን ለጎረቤት ትቶ መሄድ ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተረሳ ማለት ይቻላል። የተቆጣጣሪው ቡድን ከ2014 ጀምሮ በሚያወጣቸው ሪፖርቶች ኤርትራ አልሸባብን ስለመርዳቷ ማስረጃ እንዳላገኘ ቢናገርም ማዕቀቡ ለዓመታት ቀጠለ።

ኢጋድ የሌለበት ሰላም

ጁላይ 2018 ላይ ዐቢይ አሕመድ አስመራ ገቡ፤ በነጋታው የሰላምና የወዳጅነት መግለጫ ተፈረመ። ስልክ ተከፈተ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን አስመራ አረፈ፣ በዘመን መለወጫ ቀን የዛላምበሳና የቡሬ በሮች ተከፈቱ። በኖቬምበር ማዕቀቡ ተነሣ። በዚህ ሁሉ ውስጥ የኢጋድ እጅ የለም። የመሪዎቹ ስምምነት በሴፕቴምበር የተፈረመው ጅዳ ላይ ነው፤ ከጀርባው የነበሩት ሳዑዲ ዓረቢያና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ናቸው።

የሚገርመው ኤርትራ ያን ጊዜ ወደ ኢጋድ አለመመለሷ ነው። ሊቀመንበሯ አሁን ወዳጅ ሆናለች፤ በሩ ከመቼውም ይልቅ ክፍት ነው። አስመራ ግን ሌላ መንገድ መረጠች። ከኢትዮጵያና ከሶማሊያ ጋር የሦስትዮሽ ትብብር ጀመረች፤ በሴፕቴምበር 2018 አስመራ ላይ የተፈረመውን በጃንዋሪ 2020 ኢሳይያስ፣ ዐቢይና ፋርማጆ እንደገና እዚያው ተገናኝተው አደሱት። ጽሕፈት ቤት የሌለው፣ ቃለ ጉባኤ የማይወጣለት፣ መሪዎቹ ሲወዳደዱ የሚኖርና ሲቀያየሙ የሚጠፋ ትብብር ነበር። የፋርማጆ ሥልጣን ሲያበቃ እሱም አበቃ።

ድርጅት የሌለው ወዳጅነት ምን ያህል እንደሚዘልቅ ለማየት ብዙ አልተጠበቀም። የድንበር በሮቹ ከወራት በኋላ ተመልሰው ተዘጉ። የትግራይ ጦርነት ሁለቱን መንግሥታት በአንድ ወገን አሰልፎ ቆይቶ፣ የኖቬምበር 2022ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት ለያያቸው። ኢጋድ በፕሪቶሪያው ድርድር በታዛቢነት ተቀምጦ ነበር፤ ጦሯ ትግራይ ውስጥ የነበረው ኤርትራ ግን በጠረጴዛው ዙሪያ አልነበረችም።

መመለስ

የ2023ቱ መመለስ የተጠነሰሰው በናይሮቢ በኩል ነው። አዲሱ የኬንያ ፕሬዚዳንት ዊልያም ሩቶ በዲሴምበር 2022 አስመራን ጎበኙ። በፌብሩዋሪ ኢሳይያስ ናይሮቢ ሄደው ኤርትራ ወደ ኢጋድ እንደምትመለስ ተናገሩ። ጁን 12 ቀን 2023 ጅቡቲ ላይ በተደረገው 14ኛ የመሪዎች ጉባኤ የኤርትራ ልዑክ ከ16 ዓመት በኋላ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። የማስታወቂያ ሚኒስትሩ የማነ ገብረ መስቀል አገራቸው በኢጋድ እንቅስቃሴዋን መቀጠሏን አስታወቁ።

አቋሙ በ2011 የነበረው ራሱ ነው፤ ያቋረጥሁትን ቀጥያለሁ። በ2011 ውድቅ የሆነው ክርክር በ2023 ያለ ጭቅጭቅ አለፈ። ጽሕፈት ቤቱን የሚመሩት የቀድሞው የኢትዮጵያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ወርቅነህ ገበየሁ ናቸው፤ እንኳን ደህና መጣችሁ አሉ። ሊቀመንበርነቱን በዚያው ጉባኤ የተረከበችው ጅቡቲም አላንገራገረችም። ሕጉ ከጎኗ ስለሆነ ነው ወይ የገባችው? አይደለም፤ በዚያች ሰዓት የሚቃወም አገር ስላልነበረ ነው። በፈቃድ የተከፈተ በር ደግሞ መብት አይሆንም፤ ኤርትራም ይህን ሳታውቀው የቀረች አይመስለኝም።

በዚያው ጉባኤ በኤፕሪል የፈነዳውን የሱዳን ጦርነት የሚከታተል፣ በኬንያ የሚመራ የአራት አገሮች ቡድን ተዋቀረ። ኢትዮጵያ ገባችበት፤ ከሱዳን ጋር ረጅም ድንበር ያላት፣ ቀድሞ የሱዳን አስታራቂ የነበረችው ኤርትራ ግን የለችበትም። የተመለሰው አባል በመጀመሪያው ቀን የተሰጠው ሥራ አልነበረም። አልጠየቀችም ይሆናል፤ አልሰጧትም ይሆናል። የሆነ ሆኖ ከዚያ ቀን በኋላ ወንበሩ እንደገና ባዶ ሆነ።

በኦክቶበር 2023 ዐቢይ የባሕር በር ጥያቄን የህልውና ጉዳይ አድርገው በአደባባይ ሲያነሡ የአስመራና የአዲስ አበባ ነገር አበቃ ማለት ይቻላል። በሴፕቴምበር 2024 የኢትዮጵያ አየር መንገድ የአስመራ በረራውን አቆመ። በቀጣዩ ወር ኤርትራ፣ ግብፅና ሶማሊያ አስመራ ላይ የመሪዎች ጉባኤ አደረጉ። ዲሴምበር 2025 ላይ የወጣው መግለጫ በዚህ ሁሉ ላይ የመጣ ነው። መግለጫው ኢጋድ ከ2005 ጀምሮ በተለይ ኤርትራን ለማጥቂያ መሣሪያ ሆኗል ይላል። ጽሕፈት ቤቱ ደግሞ «መጥታችሁ ምንም ሐሳብ ሳታቀርቡ ሄዳችሁ» ይላል። ሁለቱም ከሞላ ጎደል ልክ ናቸው፤ አንዱ ልክ መሆኑ ሌላውን ነፃ አያወጣም።

የመውጣት ዋጋ

ማሊ፣ ቡርኪና ፋሶና ኒጀር በጃንዋሪ 2024 ከምዕራብ አፍሪካ አገሮች ማኅበር ከኤኮዋስ እንወጣለን ሲሉ አንድ ዓመት ሙሉ መነጋገሪያ ሆነ። ዜጎቻቸው በኤኮዋስ ፓስፖርት ይሻገራሉ፣ አቢጃንና አክራ ውስጥ ይሠራሉ፣ ይነግዳሉ፤ ሦስቱ አገሮች ሲወጡ የሚቆረጥ ነገር ነበር። ኤርትራ ከኢጋድ ስትወጣ ግን የአንድም ኤርትራዊ ነጋዴ ወይም ተማሪ ኑሮ በማግሥቱ አልተለወጠም። የኢጋድ የሰዎች ነፃ ዝውውር ፕሮቶኮል በ2020 ካርቱም ላይ በሚኒስትሮች ቢጸድቅም ገና ኑሮ አልሆነም። ድንበር ጥሶ ካርቱም ወይም አዲስ አበባ የሚገባው ኤርትራዊ የሚገባው እንደ ስደተኛ ነው፤ አገሩ አባል በነበረችበት ጊዜም በታገደችበት ጊዜም እንዲሁ ነበር። አባልነቱ ለተራው ሰው የሚሰጠው ነገር ስለሌለ መሪዎቹ ሲጥሉት «ኧረ ተው» የሚል ወገን የለም።

ለዚህም ነው ነገሩ ለሌሎቹም ቀላል የሆነው። በጃንዋሪ 2024 ኢጋድ ካምፓላ ላይ አስቸኳይ ጉባኤ ሲጠራ ኢትዮጵያ ፕሮግራም ተደራርቦብኛል ብላ ቀረች፤ አንዱ አጀንዳ ከሶማሌላንድ ጋር በፈረመችው የመግባቢያ ሰነድ የተነሣው ውዝግብ ነበር። ሱዳን ደግሞ የፈጥኖ ደራሹ ጦር መሪ መጋበዙን ተቃውማ ከጉባኤው ሁለት ቀን በኋላ አባልነቷን አገደች። ኤርትራ በ2007 ብቻዋን የሄደችበትን መንገድ ካርቱም እንዳለ ወሰደችው።

በአንጻሩ አስመራ ያልተወችው ድርጅትም አለ። የበረሃ አንበጣን የሚቆጣጠረው የምሥራቅ አፍሪካ ድርጅት መቀመጫው አዲስ አበባ ነው፤ ኢትዮጵያና ኤርትራ ሁለቱም አባሎቹ ናቸው። በበጋ በቀይ ባሕር ዳርቻ የሚፈለፈለው መንጋ ድንበር አይጠይቅም። ኢጋድም ሲመሠረት እንዲህ ያለ ድርጅት ነበር።

አሁን የሚመጣው ጥያቄ ቀይ ባሕር ነው። በጃንዋሪ 2020 ሪያድ ላይ የተመሠረተው የቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ተዋሳኝ አገሮች ምክር ቤት ስምንት አባላት አሉት፤ ኤርትራ አለችበት፣ ወደብ አልባዋ ኢትዮጵያ የለችበትም። ኢጋድ በ2019 ለቀይ ባሕርና ለኤደን ባሕረ ሰላጤ ግብረ ኃይል አቋቁሞ ነበር፤ ኢትዮጵያ ስለዚያ ውኃ አባል ሆና የምትናገርበት መድረክ ይህ ነው። ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የባሕር ዳርቻ ያላት አገር ከዚህኛው መድረክ ወጥታለች። በአንደኛው አዳራሽ ባሕሩን የምትፈልገው አገር የለችም፣ በሌላኛው ባሕሩ ያላት አገር የለችም፤ ስለ ዓሰብ ሁለቱ የሚነጋገሩበት ሦስተኛ አዳራሽ እስካሁን አልተከፈተም።